ሩብ ኪሎ ሥጋ፣ አንድ ኪሎ ድንች፣ አንድ መጥበሻ

በዚህ እትም ከመማሪያ ክፍል ወጣ ብለን ወደ ጓዳ እንገባለን። የምናየው የተፈጨ የከብት ሥጋና ድንች በአንድ መጥበሻ ላይ እንዴት እንደሚሠራ ነው። «የትምህርት ጋዜጣ ስለ መጥበሻ ምን አገባው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሳችን አጭር ነው። ሆዱ ባዶ የሆነ ተማሪ ሒሳብ አይገባውም። ጠዋት ሲያስተምር ውሎ ከሰዓት በኋላ ቦሎቄ ሲቀቅል የሚያመሽ መምህርም የነገውን ትምህርት የሚያዘጋጅበት ጊዜ አያገኝም። ማገዶ ለመልቀም የምትወጣ ተማሪ ደግሞ ከክፍል ትቀራለች። ስለዚህ በግማሽ ሰዓት የሚደርስ፣ ማገዶ የማይፈጅ፣ ሰውን የማያሳምም ምግብ የትምህርት ጉዳይም ነው ብለን እናምናለን።

ከአሠራሩ ጋር «ለምን?» የሚለውን ጥያቄም እንመልሳለን። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ዕቃ ሲጎድለው በሌላ ይተካል፤ አሠራሩን ብቻ የሸመደደ ግን አንድ ነገር ሲጠፋበት ግራ ይጋባል።

ምግቡ ምን ዓይነት ነው?

ፈረንጆች ይህን ዓይነት ምግብ «ሃሽ» ይሉታል። ቃሉ የመጣው «መክተፍ» የሚል ትርጉም ካለው የፈረንሳይኛ ግስ ነው። ሥጋውም ድንቹም ተከትፎ በአንድ መጥበሻ ላይ አብሮ ይበስላል፣ መጨረሻ ላይ ውኃው ደርቆ ከሥሩ ቀላ ይላል።

ለእኛ ሙሉ በሙሉ አዲስ ነገር አይደለም። ምንቸት አብሽ የሚያውቅ ሰው ግማሹን ያውቀዋል። ልዩነቱ ምንቸት አብሽ ብዙ ሽንኩርት፣ ረጅም ሰዓት፣ ከዚያም በላይ እንጀራ ይፈልጋል። ጤፍ እንደልብ በማይገኝበት ካምፕ ይህ ቀላል አይደለም። ድንች በሥጋው ግን ድንቹ ራሱ እንደ እንጀራ ሆኖ ያጠግባል፤ በማንኪያ ይበላል፣ አለበለዚያም በቻፓቲ ይጠቀለላል።

በሰሜን ኬንያ በካኩማ ገበያ ለሚገበያዩ አዲስ መጤዎች ጥቂት የስዋሂሊ ቃላት እንስጣችሁ። የተፈጨ ሥጋ «ኪማ»፣ ድንች «ቪያዚ»፣ ቀይ ሽንኩርት «ቪቱንጉ»፣ ቲማቲም «ኛኛ»፣ የድንብላል ቅጠል «ዳኒያ» ይባላል። እጀታ የሌለው የአሉሚኒየም ድስት «ሱፉሪያ» ነው። መጥበሻ የሌለው ሰው ሰፋ ያለና ሥሩ ወፈር ያለ ሱፉሪያ ቢጠቀም ይሆናል፤ ስስ ከሆነ ግን ቶሎ ያሳርራል።

ድንች ከየት መጣ?

ድንች የአገራችን ተወላጅ አይደለም። መነሻው በደቡብ አሜሪካ ከአንዲስ ተራሮች ላይ፣ ዛሬ ፔሩና ቦሊቪያ ከሚባሉት አገሮች ነው። እዚያ ሰዎች ድንችን ከሺህዎች ዓመታት በፊት ጀምረው አልምተውታል። ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ሺምፐር የተባለው የጀርመን ዕፅዋት ተመራማሪ እንደሆነ ይነገራል፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1858 ነው። ገበሬው በስፋት የያዘው ግን ከ1888 እስከ 1892 ከነበረው ከክፉ ቀን ረሃብ በኋላ ነው። ድንች ከችግር ጋር የቆየ ትውውቅ አለው ማለት ነው።

ወደ ካኩማ የሚመጣው ድንች በቱርካና ሜዳ የበቀለ አይደለም፤ ቱርካና ለድንች በጣም ሞቃት ነው። ከኬንያ ደጋዎች በጭነት መኪና ረጅም መንገድ ተጉዞ ነው የሚደርሰው። በኬንያ በብዛት የሚሸጠው ዓይነት «ሻንጊ» ይባላል። ሻንጊ ቶሎ ይበስላል፣ ይህ ለማገዶ ጥሩ ነው። ነገር ግን ቶሎ ያቆጠቁጣል፤ ስለዚህ አንድ ጆንያ ገዝቶ ለወር ማስቀመጥ አይሆንም።

ምን ምን ያስፈልገናል?

ለ5 ሰው የሚበቃ መጠን፦

– የተፈጨ የከብት ሥጋ፣ 250 ግራም (ሩብ ኪሎ)
– ድንች፣ 1 ኪሎ
– ቀይ ሽንኩርት፣ መካከለኛ 2 ራስ
– ነጭ ሽንኩርት፣ 3 ፍሬ (ካለ)
– ቲማቲም፣ 1 ወይም 2
– ዘይት፣ 3 የሾርባ ማንኪያ
– ጨው፣ 1 የሻይ ማንኪያ
– በርበሬ፣ 1 የሻይ ማንኪያ፤ ወይም ቁንዶ በርበሬና ትንሽ እርድ
– ቃሪያ ወይም ዳኒያ፣ እንደ ፍላጎት
– ውኃ፣ ግማሽ የሻይ ብርጭቆ

የከብት ሥጋ ካልተገኘ የፍየል ወይም የግመል ይሆናል፤ የሚቀጥለው ማስጠንቀቂያ ለሁሉም ይሠራል።

ገበያ ላይ ምን እንይ?

ከድንቹ እንጀምር። ቆዳው ጠበቅ ያለ፣ ያልለሰለሰ፣ ያላቆጠቆጠ እንምረጥ። ከሁሉ በላይ አረንጓዴ የሆነውን እንተው። በፀሐይ ላይ ተዘርግቶ የዋለ ድንች ቆዳው አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴው ቀለም ራሱ መርዝ አይደለም፣ እንደ ማንኛውም ቅጠል ክሎሮፊል ነው። ነገር ግን ድንቹ ብርሃን ሲያገኝ ሶላኒን የሚባል መርዛማ ነገርም አብሮ ይበዛበታል፤ አረንጓዴው የዚያ ምልክት ነው። ሶላኒን ሲበዛ ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክ፣ ተቅማጥና ራስ ምታት ያመጣል። ሲቀቀልም ሲጠበስም አይጠፋም። ትንሽ ቦታ ብቻ ከሆነ ያንን ወፈር አድርጎ ቆርጦ መጣል ነው፤ ቡቃያውንም ከነሥሩ ነቅሎ ማውጣት ያስፈልጋል። አብዛኛው ክፍል አረንጓዴ ከሆነ ወይም ቢቀመስ መራራ ከሆነ ይጣል። ቤት ውስጥም ድንችን አየር በሚያስገባ ከረጢት አድርገን ጨለማ ቦታ እናስቀምጠው።

ወደ ሥጋው ስንሄድ፣ በጠዋት ገዝተን በዚያው ቀን እንሥራው። ማቀዝቀዣ በሌለበት አገር የተፈጨ ሥጋ «ለነገ» የሚባል ነገር የለውም። የተፈጨ ተቀምጦ የቆየውን ከመግዛት ሙዳውን መርጦ እፊታችን ማስፈጨት ይሻላል። የሥጋ ቤቱ መፍጫ ንጹሕ ካልመሰለን ሙዳውን ይዘን ሄደን ቤት በስለት ደቀቅ አድርገን እንክተፈው፤ ክትፎ ለለመደ እጅ ይህ ሥራ አይደለም።

የተፈጨ ሥጋ ለምን ይለያል?

ይህ የጽሑፋችን ዋና ነጥብ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

በሙዳ ሥጋ ላይ ያሉ ጀርሞች አብዛኞቹ በውጪው ገጽ ላይ ናቸው። ሙዳው ሲጠበስ ገጹ በእሳቱ ይቃጠላል፣ ጀርሞቹም ይሞታሉ። ሥጋው ሲፈጭ ግን ውጪው ወደ ውስጥ ይገባል። በገጹ ላይ የነበረው ሁሉ በእያንዳንዱ ቁራጭ ይሠራጫል፤ ከመፍጫው የተረፈው የትናንት ሥጋም ይጨመርበታል። ስለዚህ የተፈጨ ሥጋ ላይ ላዩን ቢቀላም ውስጡ ጥሬ ከሆነ አደጋው አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ምዕራባዊ ግዛቶች በደንብ ባልበሰለ የተፈጨ ሥጋ ሳቢያ በተነሣ ወረርሽኝ ከ700 በላይ ሰዎች ታመዋል፣ አራት ሕፃናት ሞተዋል። ያ የሆነው ማቀዝቀዣም ሆስፒታልም በሞላበት አገር ነው።

ሁለተኛው ጠላት የቆየ ወዳጃችን ነው፤ የኮሶ ትል። ይህ ትል ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፈው ጥሬ ወይም ለብለብ በተደረገ ሥጋ ነው። አባቶቻችን ጥሬ ሥጋ ስለሚወዱ የኮሶ ዛፍ አበባን መድኃኒት አድርገው ለዘመናት ጠጥተዋል፤ ትሉም ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። ክትፎ በበዓል ይናፍቃል፣ እናውቃለን። ነገር ግን ከብቱ በእንስሳት ሐኪም ይመርመር አይመርመር ባላወቅንበት ቦታ ጥሬውን ለልጆች ማብላት ተገቢ አይደለም። በደንብ የበሰለ ሥጋ የኮሶ ትል አያስይዝም።

ታዲያ «በደንብ የበሰለ» ማለት ምን ማለት ነው? ለተፈጨ የከብት ሥጋ የሚሰጠው መለኪያ ውስጡ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረሱ ነው። «ቴርሞሜትር ከየት እናመጣለን?» ትሉ ይሆናል። ድንቹ ይነግረናል። እንዴት እንደሆነ ወደ ታች እንመለስበታለን።

አሠራሩ፣ ከነምክንያቱ

1. እጅን በሳሙና መታጠብ። ከዚያ በመጀመሪያ ድንቹን፣ ሽንኩርቱን፣ ቲማቲሙን ልጦ ከትፎ መጨረስ፤ ሥጋው መክተፊያውን የሚነካው መጨረሻ ላይ ነው። መክተፊያው አንድ ብቻ ለሆነበት ቤት ይህ ቅደም ተከተል ትልቅ ነገር ነው። ሥጋው የነካው ቢላዋና መክተፊያ በሳሙናና በውኃ ሳይታጠብ ወደ ሌላ ነገር አይሄድም። ሥጋውን ማጠብ ግን አያስፈልግም። ውኃው ሲረጭ ጀርሙን ወደ ሌላው ዕቃ ያደርሰዋል፤ የተፈጨ ሥጋማ ከታጠበ ጣዕሙም አብሮ ይሄዳል።

2. ድንቹን አንድ ሴንቲ ሜትር በአንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አድርጎ መክተፍ፣ የትንሿ ጣት ጥፍር የሚያህል። ትልቅ ድንች ቀስ ብሎ የሚበስለው ሙቀቱ እስከ መሀሉ ለመድረስ ጊዜ ስለሚወስድበት ነው። ውፍረቱን በግማሽ ብንቀንሰው ጊዜው በግማሽ ብቻ ሳይሆን ከዚያም በላይ፣ ወደ ሩብ ገደማ ይቀንሳል። ቁራጮቹ እኩል ይሁኑ፤ አለበለዚያ ትንሹ ፈርሶ ትልቁ ጥሬ ይሆናል። የተከተፈውን ውኃ ውስጥ ብናደርገው አይጠቁርም፣ ላዩ ላይ ያለው ስታርች ስለሚታጠብም ከመጥበሻው አይጣበቅም። ግን ለረጅም ጊዜ አይዘፍዘፍ፣ ቫይታሚን ሲ በውኃው ይወጣል። ያንን ውኃ አንድፋው፤ ጎመን ወይም ሽንኩርት የተከልንበትን ጆንያ እናጠጣበት።

3. መጥበሻውን ማጋል። ጠብታ ውኃ ሲነካው ጭስስ ብላ የምትንከባለል ከሆነ ደርሷል። አንድ ማንኪያ ዘይት አድርጎ ሥጋውን በትኖ መጨመር፤ ሥጋው ስብ ከሆነ ያለ ዘይትም ይሆናል። አንድ ደቂቃ ሳንነካው እንተወው፣ ከዚያ በማማሰያ ጫፍ እየፈረካከስን እናገላብጥ። ጓል ሆኖ የቀረ ሥጋ መኖር የለበትም፤ እያንዳንዱ ፍርፋሪ ከድንቹ ቁራጭ ማነስ አለበት።

እዚህ ላይ ጆሯችሁን ተጠቀሙ። ሥጋው መጀመሪያ ውኃ ያወጣል፣ ድምፁም የመፍላት ድምፅ ነው። ውኃ እያለ የመጥበሻው ሙቀት ከ100 ዲግሪ አካባቢ አያልፍም፤ ሥጋው ይቀቀላል እንጂ አይቀላም። ውኃው ሲያልቅ ድምፁ ይለወጣል፣ መንጫጫት ይጀምራል። ሥጋ ቀልቶ ያ ደስ የሚል ሽታ የሚመጣው ሙቀቱ ወደ 140 ዲግሪ ሲጠጋ ነውና እስከዚያ እንታገሥ። 5 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል።

4. ሽንኩርቱን ከቀሪው ዘይት ጋር መጨመርና 3 ወይም 4 ደቂቃ ማቁላላት። ነጭ ሽንኩርቱና በርበሬው ከዚህ በኋላ ይገባል። በርበሬ በደረቁ ወዲያው ያርራል፣ ይመርራል፤ ስለዚህ ጠብ ያለች ውኃ አድርገንበት አንዴ ብቻ እናገላብጠው።

5. ድንቹን ከውኃው አጥልሎ መጨመር፣ ጨው መነስነስ፣ ሁሉንም ማደባለቅ። ግማሽ ብርጭቆ ውኃ አፍስሶ መክደን። ክዳን ከሌለ ሳህን ይደፋበት። እሳቱን ቀነስ አድርጎ 12 ደቂቃ ያህል መተው፣ መሀል ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ማማሰል። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር እንፋሎቱ ይወጣል፣ ማገዶም አብሮ ይባክናል።

6. ቲማቲሙ የሚገባው ድንቹ ከለሰለሰ በኋላ ነው። ብዙዎች ቲማቲሙን ከሽንኩርቱ ጋር ያቁላላሉ፤ ከዚያ «ይህ ድንች ምን ነካው፣ አልበስልም አለ» ይላሉ። ምክንያቱ አሲድ ነው። የቲማቲም ኮምጣጣነት የድንቹን ሕዋሳት አያይዞ የያዘው ነገር ቶሎ እንዳይላላ ያደርጋል። ሎሚም እንደዚያው ነው። ቅደም ተከተሉን መለወጥ ብቻ ብዙ ደቂቃ ማገዶ ያተርፋል።

7. ክዳኑን አንሥቶ ውኃው እስኪደርቅ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ማቆየት። በማማሰያው ጀርባ ጠፍጠፍ አድርጎ መጫን፣ ሳይነኩ ሁለት ሦስት ደቂቃ መተው፣ ከዚያ ከሥሩ ፋቅ አድርጎ መገልበጥ። ቀልቶ የተያዘው ክፍል የምግቡ ጣዕም ያለበት ነው፤ ልጆች የሚሻሙት እሱን ነው። የጠቆረው ግን አይፈለግም፣ ቡናማ ላይ እናቁም። ዳኒያ ወይም ቃሪያ በትኖ በትኩሱ ማቅረብ።

ድንቹ ቴርሞሜትራችን ነው

አሁን ወደ 71 ዲግሪ እንመለስ። ድንች በ60 ወይም በ65 ዲግሪ ላይ ለረጅም ጊዜ ቢቆይ እንኳ ጠንካራ ነው። ሹካ የሚያስገባ ልስላሴ የሚያገኘው ሙቀቱ ከ80 ዲግሪ በላይ ወጥቶ ወደ መፍላት ሲጠጋ ነው። እንግዲህ ሥጋውና ድንቹ በአንድ መጥበሻ፣ በአንድ ክዳን ሥር፣ በአንድ እንፋሎት 12 ደቂቃ አብረው ቆይተው ድንቹ እስከ መሀሉ ከለሰለሰ፣ ከድንቹ ያነሰው የሥጋ ፍርፋሪ ከ71 ዲግሪ አልፏል ማለት ነው። ከመጥበሻው መሀልና ከዳር ሦስት አራት የድንች ቁራጭ በማንኪያ ጫን ብላችሁ ሞክሩ። ሁሉም ያለ ትግል ከተሰነጠቁ ሥጋውም በስሏል።

ይህ ሐሳብ የሚሠራው ግን ድንቹ ጥሬውን ከሥጋው ጋር ከገባ ብቻ ነው። ድንቹን ቀድሞ ቀቅሎ መጨረሻ ላይ የሚጨምር ሰው ከድንቹ ልስላሴ ስለ ሥጋው ምንም ሊያውቅ አይችልም። የሥጋው ቀለም ብቻውንም ማስረጃ አይሆንም፤ የተፈጨ ሥጋ አንዳንዴ በደንብ ሳይበስል ቡናማ ይመስላል።

ከዚህ ምግብ ምን እናገኛለን?

ከላይ የሰጠነው መጠን ለ5 ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ ከ300 እስከ 350 ኪሎ ካሎሪና 12 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይደርሰዋል። የምግብ ዕርዳታ ሲታቀድ ለአንድ ሰው በቀን የሚያዘው 2,100 ኪሎ ካሎሪ ስለሆነ ይህ የቀኑን አንድ ስድስተኛ ያህል ነው። ብቻውን አይበቃም፤ ከቻፓቲ ወይም ከኡጋሊ ጋር ነው ምሳ የሚሆነው።

ሥጋው ትንሽ ቢሆንም ሥራው ትልቅ ነው። በካምፕ ውስጥ በሕፃናትና በእናቶች ላይ የሚታየው የደም ማነስ አንዱ ምክንያት የብረት ማዕድን እጥረት ነው። በሥጋ ውስጥ ያለው ብረት ሰውነታችን በቀላሉ የሚወስደው ዓይነት ነው። በቦሎቄና በአተር ያለውን ብረት ለመውሰድ ደግሞ ሥጋም ቫይታሚን ሲም ያግዛል፤ ድንችና ቲማቲም ቫይታሚን ሲ አላቸው። ሻይ ግን ተቃራኒውን ይሠራል፣ ብረቱን ይይዘዋል። ስለዚህ ሻዩን ከምግቡ ጋር ሳይሆን አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ መጠጣት ይመረጣል። ይህ ምንም የማያስወጣ ምክር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 በካኩማ «ባምባ ቻኩላ» በሚል ስም በስልክ የሚላክ የምግብ ገንዘብ ሲጀመር ብዙ ቤተሰብ ከራሽኑ ውጭ ትኩስ ነገር መግዛት ችሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዕርዳታው ደጋግሞ ተቀንሷል፣ በተለይ በ2025 ቅነሳው በጣም ከባድ ነበር። ሩብ ኪሎ ሥጋ ለብዙ ቤት በየቀኑ የሚታሰብ አይደለም። ሥጋውን ወደ መቶ ግራም አውርዶ ቀድሞ የተቀቀለ አንድ ብርጭቆ ቦሎቄ መጨመር ይቻላል፤ የሥጋው ሽታና ጣዕም ለሁሉም ይዳረሳል፣ ፕሮቲኑም ብዙ አይጎድልም።

ማገዶና ጭስ

ዝግጅቱን ሳይጨምር ምግቡ እሳት ላይ የሚቆየው 30 ደቂቃ ገደማ ነው። ያልተዘፈዘፈ ደረቅ ቦሎቄ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። ማገዶ ፍለጋ ከካምፕ ርቀው የሚሄዱ ሴቶችና ልጃገረዶች ምን ሊገጥማቸው እንደሚችል ሁላችንም እናውቃለን። አንድ እስር እንጨት ማትረፍ ማለት አንድ ጉዞ ማስቀረት ነው፣ አንዲት ተማሪም በዚያ ቀን ክፍል ትገኛለች። እንጨቱ ደረቅና ስንጥቅ ይሁን፤ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ ዙሪያውን የተከለለ ምድጃ ሙቀቱን ይይዛል። ከሰል የምትጠቀሙ ከሆነ በር ዘግታችሁ አታብስሉ፣ ፍሙንም ለሙቀት ብላችሁ መኝታ ቤት አታስገቡ። ሽታ የሌለው ጭሱ ተኝቶ ያለን ሰው ይገድላል።

የተረፈውስ?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣቸው አምስት የምግብ ደኅንነት ቁልፎች አሉ፦ ንጽሕና መጠበቅ፣ ጥሬውን ከበሰለው መለየት፣ በደንብ ማብሰል፣ ምግብን በተገቢው ሙቀት ማቆየት፣ ንጹሕ ውኃና ጤነኛ ጥሬ ዕቃ መጠቀም። እኛ ጋ ከሁሉም የሚከብደው አራተኛው ነው። ጀርሞች ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይራባሉ፤ የካኩማ ቀን ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ35 ዲግሪ ያልፋል። በእንዲህ ያለ ሙቀት የበሰለ ሥጋ ያለ ማቀዝቀዣ ከአንድ ሰዓት በላይ ባይቀመጥ ይመከራል።

ስለዚህ አንድ ልመና አለን። እናቶች፣ አባቶች፣ ታላላቅ እህቶች፣ ይህንን ምግብ በልጅ ምሳ ዕቃ አትላኩት። ጠዋት ተሠርቶ እስከ ቀትር በተዘጋ ዕቃ የቆየ ሥጋና ድንች ለጀርም ምቹ ቤት ነው። «ድጋሚ ቢሞቅስ?» የሚሉ አሉ። አንዳንድ ጀርሞች ምግቡ ላይ ትተውት የሚሄዱት መርዝ በማሞቅ አይጠፋም። ለምሳ ዕቃ ደረቅ ቻፓቲ፣ ቆሎ ወይም ዳቦ ይሻላል፤ ድንች በሥጋው ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በትኩሱ ይጠብቀው። መጠኑን በበላተኛው ልክ መሥራት ከሁሉ ይበልጣል።

አብረን ስንበላ

ካምፓችን የብዙ እምነትና የብዙ ሕዝብ ቤት ነው። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም አለ፣ በሐላል የታረደ ብቻ የሚበላ አለ፣ የክርስቲያን ወይም የእስላም ሥጋ የሚለይ አለ። በትምህርት ቤት ለወላጆች ቀን ወይም ለክበብ ዝግጅት የምናበስል ከሆነ በሁለት መጥበሻ እንሥራ፣ አንዱ ከሥጋ ጋር፣ ሌላው ሥጋ ሳይነካው ከቦሎቄ ወይም ከምስር ጋር። ማማሰያውም አይቀላቀል። ሥጋው ከየት እንደተገዛ ቀድሞ መናገር ደግሞ እንግዳን ከመሳቀቅ ያድነዋል። አንድ ልጅ «አልበላም» ብሎ ዳር ሲቆም «ለምን?» ተብሎ በሰው ፊት አይጠየቅ።

ለመምህራን

ይህንን ምግብ በክፍል ውስጥ ያለ እሳትም ማስተማር ይቻላል። ለሒሳብ፦ ጎኑ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩብ ድንች የገጹ ስፋት 96 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ባለ 1 ሴንቲ ሜትር ኩቦች ተደርጎ ሲከተፍ 64 ቁራጭ ይሆናል፣ ጠቅላላ ገጹም 384 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ አራት እጥፍ። ከጭቃ ሠርተው ቢቆርጡት ተማሪዎች በዓይናቸው ያዩታል። ለሳይንስ፦ መፍላትና መጥበስ የሚለዩት በምንድን ነው? ለእንግሊዝኛ፦ ትእዛዝ አንቀጽ ለማስተማር ከምግብ አሠራር የተሻለ ምንባብ የለም። ወንዶቹንም አሳትፉ፤ ብቻቸውን የሚኖሩ ብዙ ወጣት ወንድ ተማሪዎች አሉንና ይህ ትምህርት ለእነሱ ዛሬ ማታ የሚጠቅም ነው።

መልመጃ

1. ለ5 ሰው 250 ግራም ሥጋ ካስፈለገ ለ12 ሰው ስንት ያስፈልጋል? ድንቹስ?
2. ቲማቲም ቀድሞ ቢገባ ድንቹ ለምን ይዘገያል?
3. ድንቹን ቀድመን ብንቀቅል ስለ ሥጋው መብሰል ምን ማስረጃ እናጣለን?
4. አረንጓዴ ድንችን ደጋግሞ መቀቀል ለምን መፍትሔ አይሆንም?
5. በቤታችሁ ምግብ ምን ያህል ደቂቃ እሳት ላይ ይቆያል? ለአንድ ሳምንት መዝግቡና ለክፍላችሁ አሳዩ።

መልሶቻችሁን፣ እንዲሁም በየቤታችሁ የምታውቁትን ማገዶ የሚቆጥብ አሠራር በወረቀት ጽፋችሁ በመምህራችሁ በኩል ላኩልን። በሚቀጥለው እትም የመልመጃውን መልስና ከእናንተ የደረሰንን እናወጣለን። መልካም ምግብ፣ መልካም ጥናት!